የአንገት ክር

ሀረጓ በልጇ አንገት ላይ ጥቁር ክር ካየች ድፍን ሁለት ወር ሆናት፤ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ያየችው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው። ኦሸራት ሶፋው ላይ በደረቷ ተኝታ፣ ጸጉሯ ወደ አንድ ጎን ተንሸራቶ፣ ከማጅራቷ ሥር ቀጭን ጥቁር ክር ወደ ሸሚዟ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሀረጓ የሻይ ብርጭቆ እንደያዘች ቀጥ ብላ ቀረች። «በስመ…» ብላ ጀምራ ቀሪውን ዋጠችው። ሃያ ዓመት ሙሉ አፏን ስታሠለጥን ኖራ እንኳን፣ ድንገት ስትደነግጥ ምላሷ የሚሮጠው በድሮው መንገድ ነው። ብርጭቆውን አስቀመጠችና፣ ልጅቱን እንዳትቀሰቅስ ተጠንቅቃ፣ ኮሌታዋን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ ክሩን ሸፈነችው።

ሌላ እናት ብትሆን መዝዛ ታይ ነበር። ሀረጓ ግን ምን እንደሆነ ለማወቅ መምዘዝ አላስፈለጋትም። ማተብ ነው፤ አንገት ላይ የሚታሰር ጥቁር ክር ሌላ ምን ስም አለው? እሷም እስከ ሃያ ሰባት ዓመቷ አስራ ኖራለች። ባረጀ ቁጥር እናቷ አዲስ እየገመደች ታስርላት ነበር። ጎንደር፣ ወደ እስራኤል የሚሄዱ ቤተ እስራኤላውያን በሚመዘገቡበት ግቢ አጠገብ ቤት ተከራይተው ወረፋ በሚጠብቁበት ዘመን «ወደ አያቶቻችን ሃይማኖት የምንመለስ ከሆነ ይሄ ይውለቅ» ሲባል፣ እሷና እህቷ ማናዬ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ምላጭ፣ ተራ በተራ ቆረጡት። እናታቸው ያን ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ዋለች። ከሦስት ዓመት በኋላ ሀረጓ በባሏ በቸሬ በኩል ስሟ ወጣላትና እስራኤል ገባች። ማናዬ ግን ቀረች። ማተቧን ከቆረጠች ይኸው ሃያ አንድ ዓመቷ፣ ዛሬም ትጠብቃለች።

አሁን የማናዬ ጉዳይ ተነሥቷል። የፊታችን እሁድ ሀረጓ ኢሚግሬሽን ቢሮ ቀርባ ስለ እህቷ ቃሏን ትሰጣለች። ይህን ቀን ስትለምን የኖረችው ስንት ዓመት ነው! ታዲያ ልክ በዚህ ሰዓት፣ እዚሁ አሽኬሎን ከተማ የተወለደች፣ ጸሎት እንኳ በዕብራይስጥ ብቻ የምታውቅ ልጅ፣ ማተብ አስራ ትገኝ? ማን አሰረላት? ከማን ጋር ብትውል ነው? አንድ ምቀኛ «የእነሱ ልጅ ክር አስራለች» ብሎ ቢጠቁም የማናዬ ፋይል ተመልሶ መሳቢያ እንደሚገባ ሀረጓ አልተጠራጠረችም። ልቁረጠው ስትል የድሮው ምላጭ ጣቷ ላይ ያለ ይመስላታል፤ በገዛ ልጇ አንገት ላይ ያን ነገር እንዴት ትድገመው? ልተወው ስትል ደግሞ እህቷ። ሆድ ይፍጀው አለችና፣ ሐሙስ ገበያ ወርዳ ባለ ረጅም ኮሌታ ሸሚዝ ሁለቱን በሃምሳ ሼቄል ገዝታ ሰጠቻት። ኦሸራት በዚያ ሙቀት ሸሚዙን ያለ አንዲት ቃል ተቀብላ ለበሰችው። ልትጠረጠር ይገባት የነበረው ያኔ ነው። የእናቷን የልብስ ምርጫ ወድዳ የምታውቅ ልጅ አይደለችም።

የፈሩት ይደርሳል ነውና፣ ትናንት ከሰዓት ውብአየሁ ደወለች። ውብአየሁ ትምህርት ቤቱና የሐበሻ ወላጆች እንዲግባቡ የተቀጠረች፣ «መጋሼሬት» የሚሏት ሴት ናት። «እትዬ ሀረጓ፣ ነገ ጠዋት በአራት ሰዓት እንድትመጪ። አንገቷ ላይ ስላንጠለጠለችው ነገር ነው። በስልክ የሚወራ አይደለም» አለቻት። ሀረጓ እሺ ብላ ስልኩን ዘጋች።

በማግሥቱ ገና ጎህ ሳይቀድ ባርኔአ ሰፈር ሄዳ የምታጸዳውን የጥርስ ሐኪም ቤት አጸዳች። ወለሉን ሁለት ጊዜ ጠርጋ ወንበሮቹን ሳትወለውል ወጣች። ግቫት ጺዮን ሰፈር ወዳለው ቤቷ ስትመለስ ቸሬ ከፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ ገብቶ ተኝቷል፤ ኦሸራት ወደ ትምህርት ቤት ሄዳለች። ቤቱ ሁለት ክፍልና አንድ ሳሎን ነው፤ የሳሎኑ ጣሪያ ጥግ ላይ ርጥበት ካርታ ሠርቷል፤ ባለቤቱ በየዓመቱ ኪራዩን ይጨምራል እንጂ ቀለም አይቀባም። የልጅቱን ክፍል ከፈተች። የማንጎ ሽታ ሸተታት፤ ሻምፖዋ ነው ብላ መስኮቱን ከፈተችው። ትራሱን አነሣች፤ ፍራሹን አነሣች። የጸሎት መጽሐፍ ወይ ሥዕል አገኛለሁ ብላ ነበር። ያገኘችው የማስቲካ ልጣጭና አንድ እግር ካልሲ ብቻ ነው። ቸሬን ቀስቅሳ ልትነግረው በሩ ላይ ቆመች። አፉን ከፍቶ ተኝቷል፤ የደከመው ሰው ነው። ተመለሰች።

አውቶቡስ ውስጥ የማናዬ የድምፅ መልእክት መጣ። «ሀረጓዬ፣ እንዴት አደራችሁ? ልጅቱ ደህና ናት? የእሁዱ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። እንደው ሰው እንዳይጠቁምብን ጠንቀቅ በይ፤ አደራሽን። ጤፍ አይቀመስም፤ ያከራየችኝ ሴትዮ ደግሞ በወር ሁለት መቶ ጨምሪ እያለችኝ ነው…» ሀረጓ ሁለቴ ሰማችው፤ አልመለሰችም። ሲጨንቃት አንገቷን የመዳበስ ልማድ አላት። ቸሬ ሁሌ «ጉሮሮሽን ያምሻል?» ይላታል፤ እሷም ሁሌ «የለም» ትላለች። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ የቲማቲም ዋጋ ዘጠኝ ሼቄል ገባ እያሉ በዕብራይስጥ ያማርራሉ። እሷ ግን የምትለውን እያሰናዳች ነበር። ልጅ ናት፤ አላወቀችም እላለሁ። እኔ ነኝ የሰጠኋት፣ የእናቴ ማስታወሻ ነው እላለሁ። አይ፣ እንደዚያማ ከሆነ ይብስ! ትምህርት ቤቱ ያለበት ሺምሾን ሰፈር ደርሳ ስትወርድ ከሁሉም አንዱን አልመረጠችም።

የአሥረኛ ክፍል ኃላፊዋ ኢንባር ቢሮ ጠባብ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ የቀዘቀዘ ቡና በወረቀት ኩባያ፣ ግማሹ የተበላ ሳንድዊች፣ የተቆለለ ፈተና። ኦሸራት ጥግ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ትበላለች፤ ውብአየሁ በመሃል። ኢንባር አንድ ነገር በዕብራይስጥ ብላ መሳቢያዋን ሳበችና ጥቁሩን ክር አወጣች። ሀረጓ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ክሩ ጫፍ ላይ መስቀል የለም። አውራ ጣት የምታክል ሐምራዊ ፕላስቲክ ተንጠልጥላበታለች።

«ምንድን ነው?»

«ሲጋራ ነው እትዬ» አለች ውብአየሁ። «በኤሌክትሪክ የሚሠራው። ቬፕ ይሉታል።»

«ሲጋራ?»

«ሲጋራ።»

«ሌላ ነገር የለውም? ሲጋራ ብቻ?»

«ሲጋራ ብቻ።»

«ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!» አለች ሀረጓ፤ ሳቀችም። እንባዋ እየወረደ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ እየመታች፣ እልል ማለት እስኪቀራት ሳቀች። ኢንባር ወደ ውብአየሁ ዞራ ምን አለች ብላ ጠየቀች። ውብአየሁ «ደንግጣ ነው» ብላ ተረጎመችላት። ኦሸራት ግን አማርኛ መናገር ቢያቅታት መስማት አያቅታትም። ጥፍሯን ከአፏ አውጥታ እናቷን ትክ ብላ አየቻት።

ኢንባር ክፉ ሴት አይደለችም፤ የደከማት ሴት ናት። ሽንት ቤቶቹ ውስጥ ጭስ የሚያውቅ መሣሪያ አስገጥመን ነበር አለች፤ ልጆቹ በፌስታል ሸፍነው አሰሩት። በር ላይ ያለው ጥበቃ ኪስ የመፈተሽ ሥልጣን የለውም። ቢፈትሽም አንዱ እስክሪብቶ ይመስላል፣ አንዱ የከንፈር ቀለም ይመስላል። ባለፈው አንዷን ይዘን አባቷ መጥቶ «ኒኮቲን እንዳለበት በምን አወቃችሁ? ባዶ የፍራፍሬ ሽታ ቢሆንስ?» አለን፤ በምን እናውቃለን? ቅጣቱ ሦስት ቀን ከትምህርት መታገድ ነው፤ ልጅቱ ሦስቱን ቀን ቤቷ ተቀምጣ ስታጨስ ትውላለች፣ ይሄን እኔም አንቺም እናውቃለን። ከነገ ጀምሮ ደግሞ ማንኛውንም ክር አንገት ላይ ማንጠልጠል ክልክል ነው የሚል ደብዳቤ ለወላጆች እንልካለን። ይህን ሁሉ ስትናገር ኢንባር አንዴም ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ውብአየሁ ከራሷ ጨምራ «እትዬ፣ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ፤ ይቺ አንዷ ብቻ ስንት ፓኮ ሲጋራ ታክላለች። ልጆቹ ያለሷ መተኛት እያቃታቸው ነው» አለች። ሀረጓ ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ልጅቷ ከፋሲካ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ስትስል፣ ያለ ምክንያት ስትቆጣ፣ ምግብ ገፍታ ስትነሣ ሁሉ ትዝ አላት።

«ቤት ውስጥ ምንም ነገር አላየሽም?» ብላ ኢንባር ጠየቀች።

«ክሩን አይቻለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ወር።»

«ታዲያ?»

ሀረጓ ውብአየሁን አየቻት። ውብአየሁም ጎንደር ያደገች ናት፤ ክሩን አየች፣ ሀረጓን አየች፣ ቀስ ብሎ ገባት። ወዲያው ራሷን ዝቅ አድርጋ ወረቀት መፈለግ ጀመረች። ሀረጓ ፈርሚ የተባለችበት ላይ ፈረመች።

እናትና ልጅ በእግራቸው ተመለሱ። ፀሐዩ የግንቦት ፀሐይ ነው፤ ኦሸራት ያቺን ባለ ኮሌታ ሸሚዝ ለብሳ ታልባለች። አይ ሀረጓ! በራስሽ ገንዘብ፣ በራስሽ እጅ መደበቂያ ገዝተሽ ስትሰጪ! እንዲህ እያለች ነበር የምትሄደው። ከድጡ ወደ ማጡ አሉ፤ እህቷ ተረፈችላት ብላ ልጇን ልትቀብር ነው። ግቫት ጺዮን መግቢያ ላይ ያለው የሞርዴካይ ኪዮስክ ጋ ሲደርሱ ሀረጓ ቀጥ ብላ ገባች። ኦሸራት «ኢማ፣ ዳይ፣ እማ በቃ» እያለች ደጅ ቀረች። ሞርዴካይ አሥር ዓመት ዳቦና ወተት የገዛችበት ሰው ነው። በተሰባበረ ዕብራይስጧ «ለልጄ ሲጋራ ትሸጥላታለህ? ለልጄ?» አለችው።

ሞርዴካይ አልተቆጣም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቱ አሳያት፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ክልክል ነው። «እንዳይታይ አድርግ አሉኝ፣ መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት» አላት። «ኃይለኛውን አትሽጥ አሉኝ፤ ኃይለኛው የደካማውን ስም ለጥፎ መጣ። እኔ በምን ልወቀው? ልጆቹን መታወቂያ ስጠይቃቸው ይስቁብኛል። በቴሌግራም ያዛሉ፣ አንዱ በሞተር ሳይክል አምጥቶ ደጃቸው ይሰጣቸዋል። እኔ ሰባ እላለሁ፣ እሱ ሃምሳ።» ወደ ደጁ አንገቱን አስግጎ «አንቺ፣ ከእኔ ገዝተሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ጮኸ። ኦሸራት መሬት መሬት እያየች ራሷን ነቀነቀች፤ አልገዛሁም ማለቷ ነው። ሞርዴካይ ከደረት ኪሱ የራሱን አወጣ፤ አረንጓዴ ናት። «እኔ ራሴ ሲጋራ ላቆም ብዬ ነው የጀመርኳት፣ ነሽማ፣ ነፍሴ። አሁን ሁለቱንም አጨሳለሁ።» ሀረጓ የምትቆጣው ሰው አጣች። ባዶ እጇን ላለመውጣት አንድ ወተት ገዛች።

ሕንጻው ሥር ያለው መጠለያ፣ ሳይረን ሲጮህ ጎረቤቱ ሁሉ የሚወርድበት ሚክላት፣ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሲያልፉ ያው የማንጎ ሽታ ወጣ። ሀረጓ ቆም አለች። እዚያ ውስጥ ስንት ቀን ከጎረቤት ጋር ታጉራ «የጽዳቷ ሴትዮ ጥሩ ሽታ ያለው ነገር ትረጫለች» ብላ አመስግና ታውቃለች! ኦሸራት ደረጃውን ቀድማ ወጣች።

ቸሬ ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ በካኔቴራ ተቀምጦ ዳቦ በወጥ እየበላ አገኙት። ኦሸራት ክፍሏ ገብታ ዘጋች። ሀረጓ ወተቱን ፍሪጅ ውስጥ እያስገባች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ ነገረችው። አንገቷ ላይ ያለው ሲጋራ ነው፤ ሦስት ቀን ታግዳለች። ቸሬ ጉርሻውን እጁ ላይ እንደያዘ ቀረ።

«ሲጋራ?» አለ። «እኔ ደግሞ…»

«አንተ ደግሞ ምን?»

«ማተብ መስሎኝ።»

ሀረጓ ፍሪጁን ሳትዘጋ ዞረች። «አይተኸው ነበር?»

«ከፋሲካ በፊት። ለአንቺ ብነግርሽ በማናዬ ነገር ትታመሚያለሽ ብዬ…» አለና ጉርሻውን መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው። ባልና ሚስት በአንድ ትራስ እየተኙ፣ አንዱን ክር ሁለቱም አይተው፣ አንዱ ከሌላው ሲደብቅ ሁለት ወር። ይሄን ለማን ይናገሩታል? ፍሪጁ በሩ ተከፍቶ ስለቆየ መጮህ ጀመረ፤ ሀረጓ ዘጋችው። ቸሬ ሳህኑን አንሥቶ አጠበ፤ ሳህን አጥቦ አያውቅም። አመሻሽ ላይ ለፈረቃው ሲወጣ የልጅቱ በር ላይ ቆሞ ሊያንኳኳ እጁን አነሣ፤ ሳያንኳኳ ሄደ።

ከዚያ ሀረጓ ስልኳን አንሥታ ለማናዬ መልእክት ቀዳች። «ማናዬ፣ ልጅቱ ደህና ናት። ሁሉም ሰላም ነው። ለእሁድ ምንም አታስቢ፤ ማንም የሚጠቁመው ነገር የለም።» የመጨረሻው ውሸት አልነበረም፤ ቢሆንም ልካው ስታበቃ ስልኩን በግንባሩ ደፍታ አስቀመጠችው።

ጀንበር ስትጠልቅ ኦሸራት ከክፍሏ ወጣች። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ ውሃ ጠጣች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። እግሯ ከጠረጴዛው ሥር ይንቀጠቀጣል። እጇ በየደቂቃው ወደ ደረቷ ይሄድና ባዶውን ዳብሶ ይመለሳል። አዲስ ያዘዘች እንደሆነስ? ሀረጓ አንገቷን አየችው፤ ምንም የለም። ከእንግዲህ ክር ክልክል ነው፤ ኪሷ ውስጥ ይሁን እጅጌዋ ውስጥ እናት በምን ታያለች? ያቺ ስትፈራት የከረመችው ክር ብትኖር እንኳ ይሻላት ነበር።

«ኢማ» አለች ኦሸራት፤ ቀሪውን በዕብራይስጥ ጠየቀች። ክሩን አይተሽ ለምን ዝም አልሽ? ሲጋራ ነው ሲሉሽ ደግሞ ለምን ሳቅሽ? ሳንባዬ ቢቃጠል ደስ ይልሻል?

«አፈር ብዪ! ምን ያለ ቃል ነው?» አለች ሀረጓ። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ማተብ መስሎኝ ነው።»

«ማተብ ማ ዜ? ምንድን ነው?»

አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህች ልጅ ይህን ቃል ሰምታው አታውቅም፤ ማን ይንገራት? ሀረጓ ነገረቻት። የእናቷን ግምድ፣ ግቢውን፣ ማናዬን፣ ምላጩን ነገረቻት። ልጅቷ የማይገባትን አማርኛ እያስቆመች እየጠየቀች፣ እግሯ መንቀጥቀጡን እየተወ እየቀጠለ፣ ሰማቻት። ሀረጓም አንዴ ከተከፈተ አይቀር ብላ ወደ ምክሩ ዞረች።

«አየሽ ልጄ፣ እኛን ማንም ኪሳችንን አልፈተሸንም። የሚጮህ መሣሪያ የለ፣ ጥበቃ የለ። እኔ ክርስትና ከተነሣሁ ጀምሮ፣ ሃያ ሰባት ዓመት አንገቴ ላይ የነበረውን፣ እናቴ በእጇ ያሰረችልኝን ነገር በአንድ ጠዋት ቆርጬ ተውኩት። በአንድ ጠዋት! አንቺ ይቺን ፕላስቲክ መተው ያቅትሽ?»

ኦሸራት የእናቷን ፊት ሳይሆን እጇን ነበር የምታየው። ሀረጓም ዓይኗን ተከትላ አየችው። እጇ አንገቷ ሥር ነበር፤ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ የሌለ ክር ይዘው ቀስ እያሉ ያሹታል። ከጠረጴዛው ወዲያ የልጅቷም እጅ እዚያው ቦታ፣ ባዶ ደረቷ ላይ ነበር።

«ከቆረጥሽው ስንት ዓመት ሆነሽ?» አለች ኦሸራት፤ በአማርኛ ነው የጠየቀቻት።

«ሃያ አንድ» አለች ሀረጓ፤ እጇን ግን አላወረደችም።